600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዝቼም ፎቶዬ ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ «ወፍና የዱር እንስሳ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በ70–300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር የምሠራው። እንስሳው ሁሌ እየራቀ ስላስቸገረኝ ገንዘብ አጠራቅሜ 150–600 ገዛሁ። ካሜራዬ ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ ምስል መቀበያ) ያለው ባለ 24 ሜጋፒክሰል ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ነው። ፎቶዎቼ ግን በድሮው ሌንስ ካነሳኋቸው አልተሻሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ብሰዋል። ሦስቱን አያይዤ ልኬያለሁ። ሌንሱ ብልሽት አለበት? ልመልሰው? ወይስ ያ ውዱ ባለ ኤፍ 4 (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ይሰፋል) ካልሆነ ጥርት ያለ ፎቶ አይገኝም?»

ምላሽ፦

ሌንሱን ለመመለስ አይቸኩሉ። የላኳቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አስፍቼ አየኋቸው። ሦስቱም ደብዝዘዋል፤ የደበዘዙበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው። ሌንስ ሲበላሽ ጥፋቱ ከፎቶ ፎቶ መልኩን አይቀያይርም፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይደጋገማል። የእርስዎ እንደዚያ አይደለም።

ከዳክዬዋ ልጀምር። ከሐይቁ ማዶ ሆና እኩለ ቀን ላይ የተነሳች ናት። ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/1600 ሰከንድ ነው። በዚህ ፍጥነት፣ ያውም ስታብላይዘሩ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው) በርቶ፣ እጅ ተንቀጥቅጦ ነው ማለት ያስቸግራል። ፎከሱም አልሳተም፤ ከፊቷም ከኋላዋም ያለው ውሃ ከእሷ የተሻለ ጥራት የለውም። ጠርዟን ጠጋ ብለው ይመልከቱት። የጀርባዋ መስመር ልስልስ ብሎ መውረድ ሲገባው እየተሰበረና እየተጥመለመለ ይሄዳል፤ የምንቃሯ ጫፍ ደግሞ ሁለት ሆኖ ይታያል። ይህን ያደረገው አየሩ ነው። በዚያች ቅጽበት ምንም ዓይነት ሌንስ ቢይዙ ውጤቱ ያው ነበር።

ቅርንጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ወፍ ነገር ቀላል ነው። ፊት ለፊቷ ባለው ቀንበጥ ላይ የቅጠሎቹ ሥር ሳይቀር ይቆጠራል፤ ወፏ ግን ከጭጋግ ውስጥ ያለች ትመስላለች። ሌንሱ ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል፣ የሠራው ግን ለቅጠሉ ነው። ይህን ፎቶ አይሰርዙት፤ ለሌንስዎ ጤንነት ከእኔ ቃል የተሻለ ምስክር ነው።

ሦስተኛዋ በመብረር ላይ ያለችው ሳቢሳ ናት። ሹተሩ 1/500 ነው። ከኋላዋ ያለው ሸምበቆ በሙሉ ወደ ጎን ተጎትቷል፣ ይህ ካሜራውን ከእሷ ጋር ስላዞሩት ነውና ጥሩ ነው። ዓይኗና አንገቷም ጥርት ብለዋል ሊባል ይችላል። የክንፎቿ ጫፍ ግን ተፍቆ ጠፍቷል። ይህ የሹተር ፍጥነት ማነስ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ከዚህ በኋላ የራስዎን ፎቶ ሲመረምሩ በዚህ መንገድ ይሂዱ። ፍሬሙ ውስጥ ሌላ ጥርት ያለ ነገር ካለ ፎከሱ ነው የሳተው። የቆመው ነገር ሁሉ፣ ድንጋዩም ግንዱም፣ በአንድ አቅጣጫ ከተሳበ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ግንዱ ጥርት ብሎ የእንስሳው ጭንቅላት ብቻ ከተፋቀ እንስሳው ተንቀሳቅሷል። የትም ቦታ ጥራት ከሌለና በተከታታይ ካነሷቸው ፎቶዎች አንዱ ሻል፣ ቀጣዩ ባስ እያለ ቅርጹ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ አየሩ ነው። ሰው ሁሉንም «ደብዛዛ» ብሎ በአንድ ከረጢት ስለሚከት ነው መፍትሔውን ከሱቅ የሚፈልገው።

ያም ሆኖ የመመለሻው ጊዜ እንዳያልፍብዎ ሌንሱን በወግ ይፈትኑት። ማለዳ፣ ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቀው፣ ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። 10 ሜትር ርቀው ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ያስቀምጡ፣ ስታብላይዘሩን ያጥፉ፣ በእጅ እንዳይነኩት በሰዓት ቆጣሪው ያንሱ። በ600 በኤፍ 6.3፣ ከዚያ በኤፍ 8፣ ከዚያ ዙሙን ወደ 500 መለስ አድርገው ይድገሙት። የዚህ ዓይነት ዙም መጨረሻው ላይ ትንሽ መላላቱና በኤፍ 8 መሻሻሉ የተለመደ ነው፤ ለዚያ ብሎ የሚመለስ ሌንስ የለም። የጋዜጣው አንድ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ጎን ከጠፋ ግን፣ ወይም ፎከሱን ደጋግመው እንዲይዝ አድርገውም ጽሑፉ በኤፍ 8 እንኳ ካልተነበበ፣ ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመልሱት። ፊቱ ላይ መከላከያ ፊልተር አስረውበት ከሆነ ከፈተናው በፊት ይፍቱት። ርካሽ ፊልተር በአጭር ሌንስ ላይ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል፤ በ600 ግን ብቻውን ፎቶን ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዲሱን ሌንስ ከያዙ ወዲህ የሚቆሙበት ቦታ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስለኛል። በ300 ሲሠሩ «ይህስ ሩቅ ነው» ብለው ይተዉት የነበረውን እንስሳ አሁን ያነሱታል። ረጅም ሌንስ የሩቁን የሚያቀርብ ይመስላል፤ በእርግጥ የሚጠቅመው ግን የቀረበውን ለማጉላት ነው። ስሌቱን ይመልከቱት። የካሜራዎ ሴንሰር ወርዱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 24ን ለ600 ሲያካፍሉት 4 በመቶ ይመጣል፤ እንግዲህ በ600 ፍሬምዎ የሚይዘው ወርድ ከርቀቱ 4 በመቶውን ነው። 50 ሜትር ላይ 2 ሜትር፣ 10 ሜትር ላይ 40 ሴንቲሜትር። ድንቢጥ ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ 15 ሴንቲሜትር ያህል ናት። ፎቶዎ በወርዱ 6000 ፒክሰል አለው። 50 ሜትር ላይ ያለችው ድንቢጥ ከዚህ ውስጥ 450 ፒክሰል ብቻ ትይዛለች፣ 10 ሜትር ላይ ያለችው 2250። የድሮው ሌንስዎ ደግሞ በ300 ሆኖ 10 ሜትር ላይ ያለችውን ድንቢጥ በ1125 ፒክሰል ያነሳታል። ርካሹ ሌንስ ከቅርብ፣ ውዱን ከሩቅ በሁለት እጥፍ ተኩል በለጠው ማለት ነው። «ከድሮው ብሷል» ያሉት ለዚህ ነው፤ ዓይንዎ አልተሳሳተም።

የፒክሰሉ ቁጥር ይህን ያህል ልዩነት ካመጣ፣ አየሩ ደግሞ በላዩ ላይ ይጨምርበታል። ብርሃን ሙቀቱ ከተለያየ አየር ወደ አየር ሲሻገር ይታጠፋል። ከፍም በላይ ያለ አየር ማዶ ያለውን ነገር እንደሚያርገበግበው ሁሉ፣ ፀሐይ ያሞቀው ሜዳ፣ አሸዋ ወይም አስፋልትም በእርስዎና በእንስሳው መካከል ያለውን አየር ያምሰዋል። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ብርሃኑ የሚያልፍበት የተረበሸ አየር ይበዛል፤ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ረብሻውንም አብሮ ያጎላዋል። ሹተር ቢጨምሩ አይጠፋም፣ ስታብላይዘር አያውቀውም፣ ኮምፒውተር ላይ ጥራት ቢጨምሩበት የባሰ ይጎረብጣል። በረድ ባለ ማለዳም ቢሆን ሁልጊዜ ማምለጫ የለም፤ ውሃው ከአየሩ ከሞቀ የሐይቅ ፊት ላይ ያው ነገር ይከሰታል። ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ምንጭ አለ፦ መኪናው። ውስጡ ሞቆ መስኮት ሲከፈት፣ ወይም ሌንሱ ከሞተሩ ክዳን በላይ ሲያይ፣ ረብሻው እዚያው አፍንጫዎ ሥር ይፈጠራል። ሌንሱ ራሱ ከሙቅ ቦታ ወጥቶ ብርድ ላይ ሲቆምም እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፊቱ ላይ ያለው አየር ይታመሳል።

ካሜራዎ ሚረርለስ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። ከማንሳትዎ በፊት በቪውፋይንደሩ ውስጥ ምስሉን አጉልተው የእንስሳውን ጠርዝ ለጥቂት ሰከንድ ይዩት። እየተርገበገበ ከሆነ ለመታወቂያ ያህል አንድ ያንሱና ካርድዎን አይሙሉ። ወይ ይቅረቡ፣ ወይ ደመና ፀሐይዋን እስኪሸፍናት ይጠብቁ፣ ወይ ነገ ማለዳ ይመለሱ።

«ይቅረቡ» ማለት እንዳፍ እንደማይቀል አውቃለሁ። የዚህ ትርፍ ጊዜ ሥራ ክህሎቱ ያለው ግን ከሞላ ጎደል እዚያ ነው፤ የካሜራው ቁልፍ በአንድ ሳምንት ይለመዳል። ሊቀርቡ ከሚሄዱ ይልቅ እንዲቀርብዎ ቢያደርጉ ይሻላል። ውሃ ዳር ጭቃ ላይ እየለቀሙ የሚሄዱትን ትንንሽ ወፎች ይውሰዱ። መንጋው ዳርቻውን ይዞ በአንድ አቅጣጫ እየለቀመ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው ከኋላ ይከተላቸዋል፤ ሲከተላቸው ይፈጥናሉ፣ ሲፈጥን ይበራሉ። እርስዎ ራቅ ብለው ዞረው ከፊታቸው 40 ሜትር ያህል ይቅደሙ፣ ዳርቻው ላይ በሆድዎ ይተኙ፣ ሌንሱን መሬት ላይ በተቀመጠ አሸዋ ወይም ጥራጥሬ የሞላ ከረጢት ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ አይንቀሳቀሱ። የፊተኛዋ 20 ሜትር ላይ ስትደርስ ቀና ትላለች። አንገቷን ታስረዝማለች፣ ጭንቅላቷን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርጋለች። በዚህች ሰዓት ጣትዎ እንኳ እንዳይነቃነቅ። ተመልሳ ምንቃሯን ጭቃው ውስጥ ከሰካች ጉዳዩ አልቋል፤ የተቀሩት እሷን አይተው ይከተላሉ። አንዳንዴ በጣም ቀርበው ሌንሱ ፎከስ መያዝ ያቅተዋል፤ እነዚህ ዙሞች በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ማየት ያቆማሉ። እንዲህ ተኝተው ያነሱት ፎቶ ዓይኗ ከዓይንዎ እኩል ስለሚሆን ከኋላ ያለው ሁሉ ርቆ ይለሰልሳል፤ ቆመው ካነሱት ጋር ጎን ለጎን ሲያዩት የሌላ ካሜራ ሥራ ይመስላል።

መቅረብ ግድ ሲሆን ደግሞ ቀጥታ አይሂዱበት። ዓይንዎን ተክለው በቀጥታ መምጣት የአዳኝ ጠባይ ነው። ሰያፍ ይዘው፣ ሌላ ጉዳይ እንዳለው ሰው፣ እያረፉ ይሂዱ። ጎንበስ ማለት ካለብዎ ከሩቅ ጀምረው ጎንበስ ይበሉ፤ መንገድ ላይ ቁመትዎ ድንገት ሲቀየር ያስደነግጣል። ከኮረብታ ጫፍ ላይ ቆሞ ሰማይን ጀርባ ማድረግም እንዲሁ። ሚዳቋን፣ ቀበሮንና ሌሎች በማሽተት የሚኖሩትን ሲያስቡ ነፋሱ ከእነሱ ወደ እርስዎ መንፈሱን ያረጋግጡ፤ ነፋሱ ከጀርባዎ ከሆነ የለበሱት ልብስ ቀለም ምንም አያድንዎትም። ለሚበሩ ወፎች ይህ ይገለበጣል። ወፍ ስትነሳም ስትቀመጥም ፊቷን ወደ ነፋሱ ማዞር ትመርጣለች፤ ነፋሱና ፀሐይዋ ከጀርባዎ የሆኑ ዕለት ክንፏን ዘርግታ ፊት ለፊት ትመጣልዎታለች። እንደ ንብ በል ያሉት ወፎች ነፍሳት ይዘው ደጋግመው ወደዚያው ቅርንጫፍ የሚመለሱ ስለሆኑ፣ የሄደችውን ከማሳደድ ቅርንጫፉ ላይ ፎከስ ይዞ መጠበቅ ነው። መኪና ውስጥ ካሉ ደግሞ ሞተሩን አጥፍተው ከውስጥ ያንሱ። ብዙ እንስሳ መኪናን ችላ ብሎ ያልፋል፣ በሩ ተከፍቶ ሰው ሲወጣ ግን ይሸሻል።

የሚቆሙበትን መስመር እንስሳው ራሱ ይነግርዎታል። መብላቱን አቁሞ ቀና አለ፣ ላባውን ወደ ሰውነቱ አጣበቀ፣ ዳክዬዎቹ ሳይበሩ ቀስ እያሉ ወደ መሃል ተንሸራተቱ፤ ከዚህ በኋላ አንድ እርምጃም አይጨምሩ። ወደ ሥራው ከተመለሰ ጥቂት ቆይተው ይቀጥሉ፣ ካልተመለሰ ወደ ኋላ ይበሉ። የሚበር ወፍ ፎቶ ለማግኘት ብሎ ማስበረር፣ በስልክ የወፍ ድምፅ እያጫወቱ መጥራትና ጎጆ አካባቢ መቆም በእኔ በኩል ድርድር የለውም። እናትየው ከእንቁላሏ ርቃ የምትቆይባት ደቂቃ ፀሐይም፣ ብርድም፣ ሌባ ቁራም የሚገባባት ደቂቃ ናት።

ከቀረቡ በኋላ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ጥልቀቱ ያንሳል። በ600፣ በኤፍ 6.3፣ 10 ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 7 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደረቷ ላይ ፎከስ ካረፈ ዓይኗ ሊያመልጥ ይችላል። ካሜራዎ የእንስሳ ዓይን የሚፈልግ ፎከስ ካለው ያብሩት፣ ግን ቀንበጥ በበዛበት ቦታ አይመኑት። እንደ ሁለተኛው ፎቶዎ ባለ ሁኔታ ወደ አንዲት ትንሽ የፎከስ ነጥብ ቀይረው ነጥቧን ዓይኗ ላይ ያስቀምጡ። ፎከሱን ወደማያቋርጠው ስልት አድርጎ፣ ማስያዣውን ከሹተሩ ለይቶ ከኋላ ላለ ቁልፍ መስጠትም ለዚህ ሥራ የተሻለው አያያዝ ነው፤ ወፏ ስትቀመጥ አውራ ጣትዎን ያነሳሉ፣ ስትበር ይጫናሉ።

ስለ ሹተር ብዙ አልልም። በሰከንድ 10 ሜትር የምትበር ወፍ በ1/500 ሰከንድ ውስጥ 2 ሴንቲሜትር ትጓዛለች። 50 ሜትር ላይ፣ ካሜራውን አብረው ካላዞሩ፣ ይህ በእርስዎ ፎቶ 60 ፒክሰል መፋቅ ነው። አብረው ሲያዞሩ ሰውነቷ ይተርፋል፣ ክንፏ ግን አይተርፍም፤ በሳቢሳዋ የሆነው ይህ ነው። ለሚበር ከ1/2000 በላይ ይሂዱ፣ ፈጣን ለሆኑ ትንንሾች 1/3200። ለተቀመጠ 1/1000 ጥሩ መነሻ ነው፤ ትንሽ ወፍ «ተቀምጣ» ስትባልም ጭንቅላቷ አያርፍም። ስታብላይዘሩ የእርስዎን እጅ እንጂ የእሷን ጭንቅላት አያረጋጋም። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርገው ሹተሩንና አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) እርስዎ ይያዙ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ለካሜራው ይተዉለት። አይኤስኦ 3200 ማየት የሚያስፈራዎት ከፊልም ዘመን በቀረ ወሬ ነው። ራው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ያንሱ፤ አይኤስኦ ሲጨምር ምስሉ ላይ የሚታየው ፍርፍር በኮምፒውተር ይቀነሳል፣ የተፋቀ ክንፍ ግን አይመለስም። ነጭ ወፍ ጥቁር ውሃ ላይ ስትሆን ብርሃኑን አንድ ደረጃ ያህል ይቀንሱ፣ አለበለዚያ ላባዋ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስለ ባለ ኤፍ 4 ጠይቀዋል። 600 ኤፍ 4 ከእርስዎ ሌንስ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ያስገባል፤ እርስዎ አይኤስኦ 3200 ላይ ሲሆኑ እሱ 1300 አካባቢ ነው። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ፣ ጫካ ውስጥ፣ ጉጉት ለሚጠብቅ ሰው ይህ ልዩነት ከባድ ነው። የኋላውንም በደንብ ያለሰልሳል፣ ፎከሱም ፈጣን ነው። ይህ ብርሃን ግን በክብደት ይከፈላል፤ 600ን ለ4 ሲያካፍሉት ቀዳዳው 150 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የእርስዎ 95 ነው። ያን የሚያክል መስታወት ተሸክሞ አዲሶቹም ሳይቀሩ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። በሆዱ ተኝቶ፣ ተነስቶ፣ ዞሮ የሚቀድም ሰው ያንን በእጁ ይዞ ብዙ አይሄድም። በሐይቁ ማዶ ያለችውን ዳክዬ በእኩለ ቀን ሙቀት ውስጥ ቢያነሳትም፣ ያው የተጥመለመለች ዳክዬ ናት። ባለ 1.4 ኤክስቴንደር (በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ማራዘሚያ) ጨምሬ ላራዝመው የሚለው ሐሳብም ከመጣብዎ ይተዉት፤ ኤፍ 6.3 ወደ ኤፍ 9 ይወርዳል፣ ችግሩ ደግሞ የርዝመት አልነበረም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከነገ ጀምሮ 600ውን ይዤ ከ20 ሜትር በላይ ያለ ትንሽ ወፍ ላይ ሹተር ላለመጫን እወስን ነበር። የሚያነሱት ፎቶ ቁጥር መጀመሪያ ላይ በጣም ይወርዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብርሃን እያነሰዎት፣ አይኤስኦ 6400 ላይ እየወጡ የሚያመልጥዎት ከቅርብ ያለ እንስሳ ከሆነ፣ ያኔ ባለ ኤፍ 4 ስለመግዛት ማሰብ ምክንያት አለው። የሚያመልጥዎት አሁንም ስለሚርቅ ከሆነ ግን ገንዘቡን አያውጡት።